ከሸክላው አፈር ሥር ያለው ውሃ

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ደረጃውን ብቻሽን መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም በሰው ድጋፍ ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደስታዬ ብዛት ላንቺ ሳልነግርሽ እህል አልወርድ ቢለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ስለ አሮጌው የቀለም ፋብሪካ በስልክ ነግሬሽ ነበር። ከጓሮው የተደፋው ኬሚካል ወደ ምድር ሰርጎ ከሰፈሩ ሥር ያለውን ውሃ መርዞታል። መሥሪያ ቤታችን መወሰን የነበረበት፣ አንድ ቀን ሊጠጣ ይችላልና ይጽዳ ወይስ አይረባምና ይተው የሚለውን ነው። የፋብሪካው ጠበቃ፣ ሰፈሩ ቧንቧ እያለው ማንም ለማይቀምሰው ጨዋማ ውሃ ምን አደከመን አለ። አለቃዬም የተስማማ መሰለ። እኔ ግን ዛሬ አልተጠጣም ማለት ነገም አይጠጣም ማለት አይደለም ብዬ ሙጭጭ አልኩ።

ጉድጓድ አስቆፈርን። የላይኛው ውሃ ጠበቃው እንዳለው ሆነ፤ ከጥንትም ጨው የበዛበት፣ ፓምፑ ገና ሲነሳ ጥፍት የሚል። ወሽመጤ ቁርጥ አለ! መሐንዲሱ ባልደረባዬ ግን እስቲ ዝቅ እንበል አለኝ። የላዩ መርዝ እንዳይወርድ ዙሪያውን በሲሚንቶ ደፍነን ጠንካራውን የሸክላ አፈር ስናልፍ ውሃው ሲንፎለፎል ዋለ። ላቦራቶሪው ጨው የለበትም፣ መርዙም ገና ጫፉን ነው የነካው አለን።

የመሥሪያ ቤታችን ኮሚቴ ለውሳኔ በጠራው ስብሰባ ላይ የላይኛው ለመጠጥ እንደማይሆን እኔው ራሴ ተናገርኩ። ከሰፈሩ የመጡ አንዲት ልብስ ሰፊ እናት ብድግ ብለው፣ አንቺ ልጅ፣ ለእኛ የቆምሽ መስሎን ነበር እኮ፣ ሸጥሽን ወይ አሉኝ። ፊቴ በርበሬ መሰለ። እውነቱን ከደበቅሁ ስለ ታችኛው ማንም አያምነኝም፤ እሱን ለማዳን ደግሞ ከላይ የሚሰርገው መርዝ መገደብ አለበት አልኳቸው። ሰብሳቢው ወዲያው ከአባላቱ ጋር ተማከሩና የታችኛው ውሃ የመጠጥ ውሃ ነው፣ ፋብሪካው በራሱ ወጪ ያጽዳ፣ የላዩም ይገደብ ብለው ወሰኑ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ልብስ ሰፊዋ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው፣ ለስድቤ ካሳ ቀሚስ እሰፋልሻለሁ አሉኝ። ጠበቃውም ሳይወድ በግዱ ጨበጠኝ።

ዛሬ ጠዋት የማጽጃው ማሽን ሲያጓራ አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። አለቃዬ አቧራ ገባብሽ እንዴ ሲለኝ አዎ አልኩት። ሥራው ዓመታት ይፈጃል፤ ይህን ውሃ የሚጠጡት ምናልባት ገና አልተወለዱም። ግን እታለም፣ ሙግቱን አሸነፍንላቸው።

እማዬን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አባዬን፣ ልጄ ቆሻሻ ውሃ ስታመላልስ ትውላለች እያለ ለጎረቤት ማማቱን ይተው በይልኝ። ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይው። መንትዮቹንም አንዱን ከአንዱ ሳታበላልጪ እቀፊልኝ።

እህትሽ
ከፋብሪካው አጥር ጥግ
ሰኔ ፲፬ ቀን