አያቴን «ሊጠይቁ» ስለሚመጡት ቤት ገዢዎች

ለክቡር ደላላችን፤
ባሉበት (ያሉበት ከጠፋ እኛ ቤት ይፈለጉ)።

ጉዳዩ፦ አያቴን ቅዳሜ ዕቃ ቤት ስለማስገባት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ አካላትዎ፣ በተለይም ሳያንኳኳ በር ለሚከፍተው ቀኝ እጅዎ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ደኅና ነን፤ ደኅንነታችንን ግን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ምሳችን ምን እንደሆነ እንኳ ከእኛ ቀድመው ድስቱን ከፍተው ያያሉና። እኔ የዚህ ቤት የልጅ ልጅ ነኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ በቤተሰብ ስብሰባ ላይ ሻይ የማቅረብ እንጂ የመናገር መብት የለኝም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እርስዎ በራችን ላይ ከለጠፉት «የሚሸጥ ቤት» ከሚለው ወረቀት ሥር፣ በእርስዎው ማጣበቂያ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ለጥፌዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ላስረዳ። አያቴ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ዳሌው ተሰብሮ በፊተኛው ክፍል ተኝቷል። (አያቴን «አንተ» ስል ነውር አይምሰልዎ፤ በቤታችን አንቱታ ለማንቀርበው ሰው ነው። እርስዎን እስከ መጨረሻው አንቱ እላለሁ።) ቤቱን በደኅና ቀኑ ለልጆቹ አዙሮላቸዋል፤ ልጆቹ፣ ማለት እናቴና ሁለት አጎቶቼ፣ ሊሸጡት ተስማሙ። «ለአባባ ማን ይንገረው?» ሲባል ግን ሁሉም የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ገዢዎች ይዘው የገቡ ዕለት አያቴ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። በብልሃቱ የታወቀው ትልቁ አጎቴ ሳያቅማማ፣ «ሊጠይቁህ መጥተው ነው አባባ» አለ። እርስዎም ከአፉ ተቀብለው፣ «ይማርዎት አባቴ» አሉ። እኛ ስንዋሽ ቁንጥጫ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ሲዋሹ «ለእሱው ብለን ነው» ይባላል።

ይኸው በሁለት ወር ውስጥ አያቴ ስልሳ ሦስት ጠያቂ አስተናገደ። ከእርስዎ በፊት፣ ከተኛ ጀምሮ የመጡት ሦስት ነበሩ፤ አንደኛውም ቤት ተሳስቶ ነው። ለዚህ ውለታዎ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼ ግን ወሰን አላቸው፤ በቁጥር አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማንኳኳት። እናቴ ፀጉሯን ታጥባ፣ ፎጣ ጠምጥማ ብቅ ስትል አምስት ሰዎች ኮርኒሱን ሲመረምሩ አገኘቻቸው፤ አራቱ ወዲያው ኮርኒሱን ተዉት። እርግጥ ድሮ እርስዎም ያንኳኩ ነበር። የኮትዎ ኪስ ቀዳዳ ስለነበር የሰጠንዎት ቁልፍ በየመንገዱ እየወደቀ፣ ቁልፍ ባጡ ቀን እንደ ጨዋ ሰው ውጭ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ለዚያ ቀዳዳ ቤተሰባችን ባለዕዳ ነው። አሁን ግን ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ቁልፉም አይጠፋ፣ እርስዎም አያንኳኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ እኔ ክፍል። አንዲት ወይዘሮ ቁም ሳጥኔን ከፍታ ልብሴን ወዲያና ወዲህ ከገፋች በኋላ፣ የሒሳብ ደብተሬን አንሥታ አገላበጠችና እናቴን «ልጅቷን አስጠኚ ብትቀጥሩላት» ብላ መከረቻት። እናቴም እሺ አለቻት፤ ለገዢ ሁሉ እሺ ነው። የማዕዘኑ ባለሱቅ ሚስት ደግሞ በጥቁር መነጽርና በሻርፕ ተሸፋፍና ሁለት ጊዜ ገዢ ሆና መጥታለች። እርስዎ አላወቋትም፤ ውሻችን ግን ጅራቱን እየቆላ እስከ ጓዳ ሸኛት። በሚቀጥለው ጊዜ ገዢዎችን የሚያጣራልዎ ሰው ቢፈልጉ ውሻችን ሥራ የለውም።

ሦስተኛ፣ ስለ ወንበሩ። ይኼኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

አያቴ ጠያቂ እንደሚመጣ ሲነገረው በጠዋት ነቅቶ ይላጫል። ኮሌታ ያለው ሸሚዙን ይለብሳል። ከአልጋው አጠገብ ወንበር አስደርጎ፣ ትራሱን አስደግፎ በሩን እያየ ይጠብቃል። ገዢዎቹ ገብተው ስለ ግድግዳው እርጥበት ያወራሉ። «ተቀመጡ እንጂ» ይላቸዋል። አንድም ሰው አልተቀመጠም። እስከ ዛሬ በዚያ ወንበር ላይ ያረፈ ነገር ቢኖር የእርስዎ ኮት ብቻ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ባለፈው ሳምንት የመጣው ሰውዬ ሜትሩን ከአያቴ ደረት በላይ ዘርግቶ «እግርዎን ትንሽ ሰብሰብ» አለው። አያቴ የሜትሩን ጫፍ ያዘና ግድግዳው ላይ አስጠግቶ፣ «ሲለኩ አይጎትቱም ልጄ፤ ጨርቅም ግድግዳም ሲጎተት ይዋሻል» አለው። ሰውዬው ቁጥሩን ጽፎ፣ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይል ወጣ። በሩ ላይ ደርሶ በዝግታ የተናገረ መስሎት «ሽማግሌውስ?» ብሎ ጠየቀዎት። እርስዎም «ኧረ እሳቸው ችግር የለም፣ ከርክክቡ በፊት ይነሣሉ» ብለው መለሱ፤ ልክ እንደ መጋረጃው።

ክቡር ሆይ፣ አያቴ የተሰበረው ዳሌው ነው እንጂ ጆሮው አይደለም።

አራተኛው ቅሬታ ሦስተኛውን ስጽፍ ደረሰ። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ትልቁ ገዢ ከነባለቤቱ እንደሚመጣ፣ በሽተኛ ያለበት ክፍል ደግሞ የቤቱን ግርማ እንደሚቀንስ፣ ስለዚህም አያቴ ለሁለት ሰዓት ያህል ዕቃ ቤት ቢቆይ ደግ መሆኑን እርስዎ አስረዱን። ዕቃ ቤቱን ያውቁታል፤ ለገዢ ሲያሳዩት በሩን ሳይከፍቱ «ማከማቻ» ብለው ያልፉታል። መስኮት የለውም። አልጋው በብስክሌቱና በሽንኩርቱ ጆንያ መካከል ይገባል፤ ትልቁ አጎቴ ለክቶታል፣ ሜትሩንም ሳይጎትት አልቀረም። «ሁለት ሰዓት ምን አላት?» አለ። እናቴ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ አጠበች። ለአያቴ «ክፍልህ ቀለም ሊቀባ ነው» ተባለ። እሱም የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ታዲያ ጠያቂዎቹን ማን ይቀበላቸው?»

ትልልቅ ሰዎቻችን ሁሉ እንደገና የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ።

ያልሞከርኩት የለም። እናቴን ለመንኩ፤ «አጎትሽን አናግሪ» አለችኝ። አጎቴን ለመንኩ፤ «አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ» አለኝ። ትንሹ አጎቴ ደግሞ በስልክ እኔም ትልቁ አጎቴም ልክ እንደሆንን ነገረኝ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ስኳር ውስጥ ደበቅሁ፤ አጎቴ ሻይ በሦስት ማንኪያ እንደሚጠጣ ዘንግቼ። የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ተስፋ መቁረጤን ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ ቃል አላገኘሁም።

አትሽጡት አላልኩም። የመግቢያው ደረጃ ለአያቴ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ትልቁ አጎቴ ጋ እንደምንሄድም አውቃለሁ። የምለምነው ቅዳሜ አያቴ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ አልጋው ላይ እንዲቆይ ነው። የሚገባ ሰው ያንኳኳ፤ «እንደምን አደሩ» ይበል፤ ወንበሩ ላይ ሁለት ደቂቃ ይቀመጥ። ኮርኒሱ የትም አይሄድበትም። ይህም ከከበደ እርስዎ ራስዎ ይቀመጡና የመጡበትን ይንገሩት። እኛ ስላቃተን ነው።

ቅዳሜ አራት ሰዓት የሚመጡት ትልቁ ገዢ ሆይ፣ ይህን በር ላይ ቆመው እያነበቡ ከሆነ፣ ቤቱ ጥሩ ቤት ነው። «ማከማቻ» የተባለውን ግን እባክዎ ያስከፍቱት።

ሳያንኳኩ የከፈቱትን በር ሁሉ እየተከተልኩ የምዘጋ፣ በማስታወቂያዎ ላይ «ሦስት በአራት፣ ብርሃን የሚገባው» ተብላ የተመዘገበችው ክፍል ነዋሪ፣ ለክብርዎ ዘወትር ከመንገድ የምነሣ፣

የልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ የዛሬ ሁለት ሳምንት ፀሐዩ ሲበረታ ኮትዎን አያቴ ወንበር ላይ ሰቅለው ረስተውት ሄደው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ለምን እንደማይወድቅ አልገረመዎትም? የግራ ኪስዎን ገልብጠው ይዩት። አያቴ መርፌውን አነሣ፤ ክር የማስገባለት እኔ ነበርኩ። ጠማማ መጣ ብሎ ሁለት ጊዜ ፈትቶ፣ ከቁርስ እስከ ምሳ ሰፋው። እኔ ተናድጄ «ለዚህ ሰውዬ ምን አለፋህ?» ስለው ቀና ሳይል፣ «የቤቴን ቁልፍ የያዘ ሰው ኪሱ ቀዳዳ መሆን የለበትም» አለኝ። ክሩን በጥርሱ በጠሰና ደግሞ፣ «ማወቄን ለአጎትሽ እንዳትነግሪው፤ ይደነግጣል» አለኝ።

ቃሌን ጠብቄያለሁ። ለአጎቴ አልነገርኩትም፤ የጻፍኩት ለእርስዎ ነው።

ግልባጭ፦
ለትልቁ አጎቴ