ምርት አውድማ አያድርም

ሰኞ
ኮምፒውተሩ ዛሬም «ታሽጓል» ይላል። የታለ?

ልጄ ዘሃራ አዲስ አበባ እንደሄደች መንገዱ ተዘጋ፤ ኔትወርኩም ጠፋ። ድምጿን ሳልሰማ ክረምቱ አልፎ አጨዳ ደረሰ። የደም ግፊት ኪኒኔን እንዳልረሳ በገዛ ድምጿ የሚያስታውሰኝ ፕሮግራም ሠርታልኝ ነበር። የተጫነበትን ስልክ ታጣቂዎች ወሰዱት። እዚህ መርሳ በተወችው ኮምፒውተር ላይ ያለው ገና ጥሬው ነው፤ ማሸጊያ መሣሪያ የሚሉት ሌላ ፕሮግራም ገጣጥሞ ካላሸገው አይናገርም። ትእዛዙን ከመጽሐፏ አይቼ ጻፍሁ። አሸግሁ አለኝ። የታሸገው ግን የለም።

ማክሰኞ
መብራት የለም። ባትሪውን በጎረቤቴ በጌታቸው ሶላር ሞላሁ። የባጃጅ መካኒክ ነው።
«ጋሽ ሰይድ፣ አንቱ ሬዲዮ ይጠግኑ። ይኼ የልጆች ነው።»
«ሬዲዮስ ማን አስተማረኝ?»
«እሱማ ያስታውቃል፤ የእኔው ከጠገኑት ወዲህ ተናግሮ አያውቅ!»
ባለጌ።

«አውድማ» የሚባል ፎልደር አገኘሁ። ብጥስጣሽ ሞልቶታል። አንዱን ስከፍት «አባ» አለችኝ። ከዚያ ዝም። ሌላው «ኪኒን»። የቀሩት አይከፈቱም። «አባ»ን እየደጋገምሁ ባትሪውን ጨረስሁት።

ረቡዕ
መሣሪያው ውሸታም ነው ብዬ ፈረድሁ። የሠራ ሰው የሠራውን እዚያው አጠገቡ ያስቀምጣል።

ጌታቸው «የት አስቀምጥ እንደተባለ እስቲ ይዩ» አለኝ። አልሰማሁትም። እሱ ሲሄድ ግን ዘሃራ ለመሣሪያው የጻፈችውን መመሪያ ከፍቼ አየሁ።

ለካ መሣሪያው ካልነገሩት በልማዱ ያስቀምጣል፤ ከነገሩት ይታዘዛል። ዘሃራ ነግራዋለች፦ የመሥሪያው ብጥስጣሽ «አውድማ» ይቅር፣ ያለቀው «ጎታ» ይግባ። ጎታውን ደግሞ ከሥራው ፎልደር ውጭ፣ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋ አኑራዋለች። እኔ ገለባ ስበረብር ሰነበትሁ።

ቀድሞ ገጠር፣ ሐራ ሳለን ማሽላ ስንወቃ፣ ደመና ባየሁ ቁጥር «ምርት አውድማ አያድርም!» እያልሁ አሸክማት ነበር። ታኮርፋለች። ሰምታኝ ኖሯል።

ሐሙስ
ጎታው ውስጥ አለ። ጌታቸው ባለበት ከፈትሁት።

«አባ፣ ኪኒኑን ይዋጡ። እምቢ እንዳይሉ። አብሽሩ።»

ጌታቸው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ኪኒኑ ካለቀ መሰንበቱን ያውቃል፤ መድኃኒት ቤቱን አብረን ነው ባዶውን ያየነው።

«እሺ» አልኋት። ሰው ፊት እሺ ብዬ አላውቅም። ይስማ።

ነገም በሰዓቱ ትጠራኛለች፤ ፀሐይ ከወጣ፣ ባትሪው ከሞላ። እሷንስ ባለችበት ማን ይጠራታል?