የእትዬ ጥሩዬ ዓይን

ሐሙስ፣ ኅዳር 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

ደክሞኛል። ከጉና ወደ ሆስፒታላችን የሚመላለሱት የእትዬ ጥሩዬ ከዓይናቸው የተወሰደው ናሙና ውጤት ዛሬ ደረሰ። ዓይናቸውን ወደ ውጭ የገፋው እብጠት ሊምፎማ የሚሉት ካንሰር ነው፤ ከመጽሐፍ በቀር አይቼው አላውቅም። የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ካቋረጡ ወዲህ ሰውነታቸው በሽታ መከላከል አቅቶታል። እኔ ነርሷ ግን ኢንፌክሽን መስሎኝ ወር ሙሉ የዓይን ቅባት ስሰጣቸው ከረምኩ።

«ዓይኔን ሊያወጡት ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ ጎንደር ሆስፒታል በመድኃኒት ይሞክሩታል። ግን ነገውኑ ይሂዱ። ያቋረጡትንም እንደገና ይጀምሩ።»

«ገብሱስ?»

«ልጆችዎ ያጭዱታል።»

እጄን ያዙኝ። «አንቺ ባታዪልኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር፣ ልጄ! እግዜር ይስጥሽ።»

ስለ ቅባቱ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አሜን» ብቻ ነው።