ወንዶቹ ሲገነቡ፣ ሴቶቹ ሲተክሉ

ውድ ሂውጎ፣

አርክቴክትህ መጥቶ ሄደ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማው ብቻ ለሽሮፕሻየር ገጠር ጭቃ አልተሠራም። በግንብ የታጠረው ጓሮዬ ውስጥ ካስማ ቸክሎ፣ ገመድ ወጥሮ፣ የኮክ ዛፎቼን ለሁለት ከፍሎልህ ሄደ። "እዚህ ጋ ምን ሊሆን ነው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "የሰርግ አዳራሹ ዋና በር ነዋ፤ ወንድምዎ አልነገሩዎትም እንዴ?" አለኝ። ያ አባባ የቀጠረው አትክልተኛ፣ ሚስተር ፕሮበርት፣ አካፋውን ተደግፎ ይሰማ ነበር። "ምነው ጌታው፣ ሙሽሮቹን ከጎመን ጋር ሊድሯቸው ነው?" አለው። ልጁ ሳቀ። ፕሮበርት አልሳቀም።

ቤቱ ያንተ ነው። ታላቅህ ብሆንም ሴት ነኝና አባባ ላንተ አወረሰህ። በዚህ ቂም የለኝም፤ ካለኝም ትንሽ ነው። ግን የቤታችንን ወንዶች ጠባይ አንድ ቀን ሰው ሊነግርህ ይገባል። የወረሰ ሁሉ አንድ ነገር ካልገነባበት ቤቱ የራሱ አይመስለውም። ቅድመ አያታችን ያንን የመሰለ የቀይ ጡብ ቤት ፊቱ ላይ ነጭ ዓምድ ገተረበት። አያታችን ደግሞ አንድም ጠላት ሳይኖረው ከማድ ቤቱ በላይ የቀስተኛ ቀዳዳ ያለው ማማ አቆመ። ሴት አያታችን ቀና ብላ አየችውና "ግርማ ሞገስ አለው፣ የኔ ጌታ" አለችው፤ ሳምንት ሳይሞላ ሥሩ ሐረግ ተከለችበት። አባባ የመኪና ቤቱን በሲሚንቶ ሲሠራ እማማ "በጣም ጠቃሚ ነው" ብላ ፊት ለፊቱ ዛፍ ደረደረች። አንተ የመዋኛ ቤቱን ሠራህ። እኔም "እንዴት ደስ ይላል" አልኩህና የጥድ አጥር ተከልኩ።

እስከ ዛሬ ማንም ለማንም "ያስጠላል" ብሎ አያውቅም። በኛ ቤት መናገር ነውር ነው፤ መትከል ግን ይቻላል። እሁድ እሁድ አትክልቱን ሊያዩ ከፍለው የሚገቡት ጎብኚዎች ሻይና ኬካቸውን ይዘው ሲዞሩ "የዚህ ቤት ሴቶች መቼም ለአትክልት ያላቸው ፍቅር!" ይላሉ፤ እኔም ፈገግ ብዬ አመሰግናለሁ። የምን ፍቅር! ስማችን በአገሩ የተጠራው ገበናችሁን ስንሸፍን ነው።

ያ ጓሮ ግን ምንም አይሸፍንም። ኮኩ እዚያ የበቀለው ስለሚጣፍጥ፣ አበባው ስለሚያምር ብቻ ነው። እማማ የሞተች ጊዜ ሰው ፊት ማልቀስ ሲያቅተኝ የማለቅሰው እዚያ ነበር። እወደዋለሁ ሂውጎ። ካንተ አብልጬ የምወድበትም ቀን አለ፤ ይህ ሳምንት በሙሉ እንደዚያ ነው።

ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ለጥገናው ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ልታስረዳኝ አትድከም፤ ባልዲውን የምደፋው እኔ ነኝ። ሰርግ እናስተናግድ ካልክም እሺ፣ ትልቁ የእህል ጎተራ ባዶውን ቆሟል፣ ሙሽሮች እንዲህ ያለውን ይወዳሉ ብዬህ ነበር። "ጎተራማ ማንም አለው" አልከኝ። እውነቱን ንገረኝ ካልክ ጎተራው ጥፋቱ ምን መሰለህ? ቀድሞ ሌላ ሰው ሠርቶታል።

ትናንት ስልክ ስደውልልህ ለንደን እራት ላይ ነበርክ፤ የሹካው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

"ዊኒ፣ ተረጋጊ እንጂ" አልከኝ። "አዳራሹ እኮ ሁለመናው መስታወት ነው፤ ከነመኖሩም አይታይ።"

"የማይታይ ከሆነ ምን ያስገነባሃል?"

"አንቺ ደግሞ! እስቲ አንዴ ሲያልቅ እይው።" ከዚያ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው፣ "ለመሆኑ ፊት ለፊቱ ምን ትተክዪበታለሽ?" አልከኝ።

ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት ለዚህ ነው፤ መስመሩ ተበላሽቶ አይደለም። ለካ ታውቁ ኖሯል! አያታችንም፣ አባባም፣ አንተም። ሴቶቹ ይሸፍኑታል እያላችሁ ነው ስትገነቡ የኖራችሁት። እኛ ደግሞ እንዳይከፋችሁ ብለን፣ ሌሊት የሰረቅን ይመስል በዝምታ ስንቆፍር እድሜያችን አለቀ። እማማ እኮ ወገቧ የጎበጠው በዚያ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልህ። ያስጠላል። የመዋኛ ቤቱም ያስጠላል፤ ያኔ ልነግርህ ይገባ ነበር። አዳራሹን ከገነባህ ፊት ለፊቱ አንዲት ሣር አልተክልም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ፕሮበርት መጋዙን ይዞ ከመዋኛ ቤትህ ፊት ያለውን ጥድ መቁረጥ ይጀምራል። ያኔ የመዋኛ ቤቱ እዚህ ካለው ሳሎንህ መስኮት ወለል ብሎ ይታይሃል። መጥተህ የሠራኸውን በደንብ እየው፤ ስለ መስታወቱ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

ታላቅ እህትህ፣
ዊኒፍሬድ