የጥገና ኃላፊነት የተገባቸው የወይዘሮ ሰገነት ገብረ መስቀል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሰገነት ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ መስቀል አዘዘና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደሞዝ፣ ጣና ዳር ዘጌ ውስጥ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ወንዶቹን ዳዊት ሲያስደግሙ እሳቸው ከጓዳ ሆነው እየሰሙ በቃላቸው ያዙት።

ባሕር ዳር ተምረው በ1969 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድማቸው ከአምሐ ጋር የቴክኒክ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ወሰዱ። ሰገነት በማሽን ጥገና አንደኛ ወጡ፤ አምሐ በተጠባባቂነት ተያዘ። መሪጌታ ግን ሴት ልጄ ከወንድ ጋር ማሽን ሥር ስትገባ አላይም ብለው ስማቸውን አሰረዙ። በተለቀቀው ቦታ ወንድማቸው ገባ። ሰገነት ታይፕ ተማሩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባታችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያን ቀን ግን ክፉ ሥራ ሠሩ።

በ1971 ዓ.ም. በአንድ ፋብሪካ በታይፒስትነት ተቀጠሩ። አምሐም ተመርቆ እዚያው ገባ። በ1973 ዓ.ም. ከአቶ ቢያዝን ክንዱ ጋር በቁርባን ተጋብተው ወለላንና ተክለ ጊዮርጊስን አፍርተዋል። በምሳ ሰዓት የማሽኖቹን የእንግሊዝኛ መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለሱ በታይፕ ያባዙ ነበር፤ የጥገና ሠራተኛው ሁሉ ሥራ የለመደው በዚያ ነው።

በ1976 ዓ.ም. ለጥገና ኃላፊነት ተወዳድረው ዘጠና አንድ አመጡ፤ አምሐ ሰባ አራት። የሴቶችን እኩልነት የሚያውጅ መፈክር ሥር የተቀመጠው ኮሚቴ፣ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ብሎ ከሳቀ በኋላ፣ የልጆች እናት የፈረቃ ሥራ አትችልም ሲል በቃለ ጉባኤ ያዘ። የወንድማቸውን የሹመት ደብዳቤ በታይፕ የመቱት ራሳቸው ሰገነት ናቸው። አንድ ፊደል አልሳቱም። እንኳን ደስ ያለህ ብለው በእጃቸው ሰጡት፤ እሱም ፈርሞ ተቀበለ።

አምሐ እኔ ነኝ። እሷ ትበልጠኛለች ማለት አቅቶኝ ፈረምሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ማሽን ባስቸገረኝ ቁጥር ታይፕ ክፍል እየሄድሁ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸው ነገሩኝ፣ እኔ ተመሰገንሁ።

ወይዘሮ ሰገነት በኩላሊት ሕመም ስምንት ወር ሲታከሙ ቆይተው ሚያዝያ 3 ቀን 1981 ዓ.ም. በሠላሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ፋብሪካው በላከው የሐዘን ደብዳቤ “ትሑትና ታዛዥ ጸሐፊ” ይላቸዋል። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶች ጋር ያሳርፍልን። እኔን ግን ያጽናህ አትበሉኝ። ከሠልስት በኋላ ሥራ ስመለስ፣ ማሽን ቢቆም የምጠይቀው ሰው የለኝም።