ብቻዬን አያቆርቡኝም

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11

እምቢ አለ። ዘንድሮም። «ቁርባን ለደከመ ሰው ነው፤ እኔ ገና ምኑን አረጀሁና» ብሎኝ ካኪውን ለብሶ ወጣ።

ከባሌ ከአበጀ ጋር ከፋብሪካው ጡረታ የወጣነው በአንድ ሰሞን ነው። እኔ የጽሕፈት መኪናዬን ትቼ ቤቴ ገባሁ። እሱ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ ሆኖ ተመረጠና እንደገና ጎረመሰ። ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ይቀባል። የትራሱን ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 12

የነፍስ አባቴ መምሬ ይርጋ ከደቅ ደሴት መጥተው ነበር። «ወለተ ማርያም፣ በሰማንያ ጋብቻ ያለሽ ሴት ነሽ። ወይ ከባልሽ ጋር አንድ ላይ ትቆርቢያለሽ፣ ወይ ሁለታችሁም ትቀራላችሁ። ብቻሽን አላቆርብሽም» አሉኝ። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ግን ተናደድሁ።

ሰው ሁሉ ለሞት የምሰናዳ ይመስለዋል። አይደለም። ፍልሰታን ስጾም፣ ከቅዳሴ ወጥቼ በሐይቁ ዳር ስመለስ፣ ጉልበቴ እያመመኝም ቢሆን የልጅነቴ ነገር ይመለስብኛል። ነገ ያጓጓኛል። ከዚህ ሌላ ወጣትነት ምን እንደሆነ አላውቅም። የአበጀ ወጣትነት በጠርሙስ የሚገዛ ቀለም ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 13

ምሳውን ሲበላ፣ «እንግዲያው ሰማንያችንን እናፍርስ፤ ብቻዬን ልቁረብ» አልሁት።

እጁ ከትሪው ላይ ቀረ። «ማነው ሰውዬው?» አለኝ።

በዚህ ዕድሜዬ! ግድግዳ ይዤ ሳቅሁ። ስንኖር ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ወዴት ሄድሽ ብሎኝ አያውቅም። አመሻሹ ላይ ግን ራሱ መጣ። «እሺ፣ ደቅ ከሆነ እቆርባለሁ። እዚያ የሚያውቀኝ የለም።» እግዜርን ሳይሆን የሌለ ሰውዬ ፈርቶ። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ መደበቅ አልችልም። ነጠላዬን አጠብሁ፤ የእሱንም ጋቢ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 15

ጀልባ ላይ ነኝ። ብቻዬን።

ወደቡ ድረስ ጋቢውን ለብሶ መጥቶ ነበር። ጠዋት ቀለሙን አድሶ ኖሮ ዝናቡ ሲመታው ጥቁሩ በአንገቱ እስከ ጋቢው ወረደ። ልጠርግለት እጄን ስዘረጋ የቀበሌያችን ካድሬ ብቅ አለ። «ጓድ አበጀ፣ ወዴት ነው?»

አበጀ ወደ እኔ አላየም። «ባለቤቴን ልሸኝ ነው። አሮጊት ናት፤ እነሱን ከእንግዲህ ማንቃት አይቻልም» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ፣ ብርድ እንዳይመታሽ ብሎ ሰጠኝ። ካድሬው ደግነቱን አደነቀ።

ጋቢውን ይዤ ተሳፈርሁ። ጀልባው ሲነሳ እነሱ ጀርባቸውን ሰጥተው እያወሩ ይሄዱ ነበር።

እሑድ፣ ነሐሴ 16፣ ደቅ

ሕፃናቱ ቆረቡ። ሽማግሌዎቹ ቆረቡ፤ መነኩሲቶቹም። እኔ ወደ ኋላ፣ ከማይቆርቡት ከጎረምሶቹና ከኮረዶቹ ጋር ቆምሁ። ወጣት መሆን ያማረው እሱ፣ ከወጣት ጋር የቆምሁት እኔ። አለቀስሁ። አጠገቤ የነበረች ኮረዳ የነጠላዋን ጫፍ ሰጠችኝ።

ሲያበቃ መምሬን፣ «ሰማንያው ቢፈርስስ?» አልኋቸው። «አፍርሺ አልልሽም። ፈርሶ ከመጣሽ ግን አልመልስሽም» አሉኝ።

ጋቢውን ሐይቁ ላይ አጠብሁት። ቀለሙ አልለቀቀም።

ማክሰኞ ጀልባ አለ። ከቤት በፊት ቀበሌ እገባለሁ። የፍቺ ክሴን የሚሰማው ሸንጎ ሰብሳቢው ራሱ አበጀ ነው። እዚያም በሰው ፊት «ማነው ሰውዬው?» ይለኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ብቻ ነው የምፈራው።