የአባባ ኮምፒውተር ሰባት ቤት ሲቆጥር

ይድረስ ለምወድሽና አልፎ አልፎም ለማከብርሽ እህቴ ለደሊና ሽሻይ፣ ጂንካ።

ጤናሽ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? ሆስፒታሉ፣ በሽተኞችሽ፣ አብራሽ የምትኖረው ልደት፣ ያቺ በመስኮት እየገባች ወጥ የምትሰርቃችሁ ድመት፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ሃበንስ ደህና ነው? መጨረሻ ላይ የጠየቅሁት ረስቼው አይደለም፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እሱ ስለሆነ ነው። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ትንሽ ጉልበቷን፣ ጋሽ ካሕሳይን ደግሞ ትንሽ ኩራታቸውን አሟቸዋል እንጂ።

አብሮ የተጣጠፈውን፣ ጠርዝና ጠርዙ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነውን ረጅም ወረቀት ገና አትክፈቺው። ከፍተሽዋል አይደል? አውቅሻለሁ።

ያው የሃበን ሽማግሌዎች መጥተው እንደነበር ሰምተሻል። እማዬ በስልክ "ለወጉ ያህል ተመለሱ ተብለው ነው" ያለችሽ ግን ውሸቷን ነው። እንዳትጨነቂ ብላ ነው፤ አሁን ስላለፈ ልንገርሽ። አያታችን አባባ ካረፉ ወዲህ የዘር ቆጠራ ሥልጣን በታናሽ ወንድማቸው በጋሽ ካሕሳይ እጅ ነው። ታዲያ ሽማግሌዎቹ ገና የዘር ሐረጋቸውን ሲናገሩ ጋሽ ካሕሳይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እኛም እነሱም የምንወርደው ከአንድ ወልደሥላሴ ነዋ! በሃበን በኩል ሲቆጠር ስምንተኛ ቤት ላይ ይገኛል። በእኛ በኩል ግን ጋሽ ካሕሳይ ጣታቸውን እያጠፉ ደሊና፣ ሽሻይ፣ አረጋዊ፣ ተከስተ፣ ሐጎስ፣ ገብረማርያም ብለው ወልደሥላሴ ላይ ሲደርሱ ሰባት ሆነ። "ሰባት ቤት አልወጡም። ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻው አይሆንም" አሉ፤ በቃ። አባዬ ተከራክሮ ተከራክሮ በመጨረሻ ያገኘው የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ብቻ ነበር። እማዬ ማታውን ለአንቺ ስትደውል እየሳቀች ነበር፤ ስልኩን ስትዘጋ ግን አለቀሰች።

ያኔ ነው አባባ ትዝ ያሉኝ። ካዛንቺስ ጽሕፈት ቤታቸው ውስጥ ማመልከቻ አስጻፊ በጠፋ ቁጥር የቤተሰቡን ዘር ሲተይቡ አልነበር? ቤቱ ሲፈርስ ያንን ኮምፒውተር እዚህ ቂርቆስ አምጥተን ማድ ቤት አስቀመጥነው፤ እማዬም የሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገችው። ቆራሌው በሰፈር ባለፈ ቁጥር "ይህን ብረት ልስጠው" ትላለች፣ እኔም በአባባ አጥንት እለምናታለሁ። አሁን ባለውለታ መሆኔን በየቀኑ አስታውሳታለሁ።

መጀመሪያ ዕድሉ የተሰጠው ለአክስታችን ልጅ ለታዲዎስ ነበር። ቢሮ ስለሚሠራ ቤተሰቡ ውስጥ የኮምፒውተር ጳጳስ እሱ ነው። በቀጠሮው እሑድ አዲሱን ላፕቶፑን ይዞ መጣ። የአባባን ዲስክ፣ ያንን ሳህን የሚያህል ስስ ካሬ፣ ቢያገላብጥ ቢያገላብጥ የሚያስገባበት ቀዳዳ የለም! ከዚያ ኢንተርኔት ላይ መላ ልፈልግ ሲል ላፕቶፑ "አፕዴት እያደረግሁ ነው፣ እንዳታጠፉኝ" ብሎ ዘጋበት። የሃበን አጎት አቶ ገብረዋህድ ከመስቀል ፍላወር ድረስ መጥተው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አርባ ሰባት ፐርሰንት ሲመለከቱ ተቀመጡ። ጋሽ ካሕሳይ ደስታቸው! "እኔ አፕዴት አያስፈልገኝም" አሉ።

እኔ ታዲያ ሽንኩርቱን አውርጄ፣ አቧራውን ጠርጌ የአባባን ማሽን ሳሎን አመጣሁት። ደሊዬ፣ ይሄ ማሽን ውስጡ ሃርድ ዲስክ እንኳ የለውም! ማሽኑን የሚያሠራው፣ ዶስ የሚባለው ሥርዓት ራሱ የሚነሣው ከዲስኩ ነው። ዲስኮቹ አባባ እንዳስቀመጧቸው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልለው ነበር። አንዱን አስገብቼ ማብሪያውን ገጭ! ክርርር አለና ጥቁሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል ወጣ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ቀኑን ነው። ሰዓቱን የሚይዝ ባትሪ ስለሌለው በተነሣ ቁጥር በፈረንጅ ጥር 1 ቀን 1980 ነው ይላል። ጋሽ ካሕሳይ መነጽራቸውን አስተካክለው "ገና 1980 ላይ ነው? የእኔን ማስታወስ የሚያርመው ይሄ ነው?" ብለው ሽማግሌውን ሁሉ አሳቁብኝ።

ሁለተኛውን፣ ዘሩ ያለበትን ዲስክ ሳስገባ ደግሞ ማንበብ አቃተው። "ልተወው፣ ልድገመው ወይስ ልለፈው?" ብሎ ጠየቀ። ስተረጉምላቸው አቶ ገብረዋህድ "ይሄማ ከእኛ የባሰ ሽማግሌ ነው፣ ያማክራል!" አሉ። እማዬ ከበሩ ሆና "ይድገም! ይድገም በዪው!" ትላለች። ደገምኩ። እምቢ አለ። ደገምኩ። ሠርግሽ እኮ ያለው እዚያች ስስ ላስቲክ ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ ክር ክር አለና ጸጥ። ከዚያ ዝርዝሩ ወጣ! ዶስ የፋይል ስም ከስምንት ፊደል በላይ አይፈቅድም፤ አባባ "ዘር ማንዘር"ን በላቲን ቢጽፉት ዘጠኝ ስለሆነባቸው አንድ ፊደል ውጠውበታል።

ፋይሉ እስኪከፈት እንዳይሰለቻቸው ስለ ዶስ አመጣጥ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ሲያትል በሚባል የአሜሪካ ከተማ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ለአዲስ ቺፕ የሚሆን ሥርዓት መጠበቅ ሲሰለቸው፣ የዘመኑን የታወቀ ሥርዓት አካሄድ ተከትሎ በጥቂት ወር የራሱን ጻፈ። የመጀመሪያ ስሙም "ፈጣንና ቆሻሻ" እንደማለት ነበር፤ ለጊዜው የሚሆን ማለቱ ነው። ሌላ ድርጅት ገዛውና አይ ቢ ኤም በፈረንጅ 1981 ባወጣው የግል ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ዓለምን አዳረሰ። እማዬ ይህን ስትሰማ "የእኛም ማድ ቤት ለጊዜው ተብላ የተሠራች ናት" አለች። አርባ ዓመቷ እኮ ነው! ለነገሩ ዶስም ፍጹም አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ሲሳሳት ማሽኑን ሁሉ ይዞ ይደርቅ ነበር አሉ። ግን የሚሠራው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማንንም አይጠይቅም፣ ከማንም ጋር አያወራም፣ አፕዴት የሚለውን ቃልም አያውቅም። ትናንት ያስቀመጥሽበትን ዛሬ እዚያው ታገኚዋለሽ።

ተከፈተ። የሁላችን ስም ወረደ። ሐጎስ የሚለው ስም ሥር አባባ የጻፉትን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ አሁን ወረቀቱን ክፈቺና አንቺም አንብቢው፦ "ማሳሰቢያ። ሐጎስ የገብረማርያም የልጅ ልጅ እንጂ ልጅ አይደለም። አባቱ ዘርኡ ይባላል፤ በሕፃንነቱ ሞቶበት አያቱ ስላሳደጉት በአያቱ ስም ተጠራ። ካሕሳይ ይህችን ቤት ሁልጊዜ ይዘላታል። ብነግረውም አይሰማኝም።"

ስምንት! ደሊዬ፣ ስምንት ነው! እማዬ እልል አለች፣ ታዲዎስ ላፕቶፑን ረስቶ ዘለለ (ሰማንያ ሁለት ፐርሰንት ደርሶ ነበር)። ጋሽ ካሕሳይ ግን አንገታቸውን ደፉ። የተቆጡ መስሎኝ ልሸሽ ስል ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር። "ሞቶም አልለቀቀኝ!" አሉ። ሳቁ ሳቁና በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ "ቆዪ፣ እስቲ አትዝጊው" አሉኝና ያቺን የመጨረሻ መስመር ብቻቸውን ደግመው ደጋግመው አነበቧት።

ከዚያ ያንቺ ስም ሥር "ባለቤት፦" የሚል ባዶ ቦታ አዩ። አባባ ለሁላችንም ትተውልናል። ጋሽ ካሕሳይ ከወንበሬ አስነሡኝ፤ "ብረት ምን ያስታውሳል" ሲሉ የኖሩት ሰውዬ በአንድ ጣታቸው፣ ፊደሏን እንደ ቁንጫ እያሳደዱ "ሃበን" ብለው ጻፉ። ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። ሽማግሌው ሁሉ ቆሞ ጠበቃቸው። ሠርጉ ጥር 17 ነው።

ዝርዝሩን ያተምኩበት የአባባ አሮጌ ማተሚያ ቀለሙ ስለደረቀ ፊደሉ ደብዝዟል፣ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዘሽ አንብቢው፤ ስምሽ አጠገብ ያለው ግን ይታያል።

እማዬ በጣም ትስምሻለች፤ ስለዋሸችሽም ይቅርታ ብላለች፣ ማለቴ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። አባዬ "ጉሮሮዬን ከርክሮኝ ነው" እያለ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ሰላም ብሎሻል። ታዲዎስ ሰላም ብሎሻል፤ ስለ ላፕቶፑ አሁን ድምፁን አያሰማም። ጋሽ ካሕሳይም ሰላም ብለውሻል፤ ኮምፒውተሩ ወደ ማድ ቤት እንዳይመለስ ከልክለው ራስጌያቸው አስቀምጠውታል። ለልደትና ለሃበን ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሃበንን "እንኳን በስምንተኛው ገባህ" በዪልኝ። የእኔ ስም ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ጋሽ ካሕሳይ ሲያዩት አይቻቸዋለሁ፤ ሶኬቱን ነቀልኩት።

እህትሽ አርያም ሽሻይ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
(ወረቀቱ አናት ላይ 1980 የሚል ብታዪ አትደንግጪ። ጋሽ ካሕሳይ "አታርሚው፣ ትልቅ ሰው አይታረምም" ብለውኛል።)